የአንጀት ነገር

የሥነ ጽሑፍ መምህር በነበርኩበት ዘመን ለጀማሪ ተማሪዎቼ የምሰጣቸው አንድ የቤት ሥራ ነበረኝ። «‹አንጀት› የሚል ቃል ያለበትን የአማርኛ አነጋገር ሁሉ ለቃቅማችሁ አምጡ» እላቸዋለሁ። በማግሥቱ ሰሌዳው ይሞላል። አንጀቴን በላው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አንጀቴ አረረ። አንጀቱን አስሮ ልጆቹን አሳደገ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አማርኛ ፍቅሩንም፣ ንዴቱንም፣ ርኅራኄውንም፣ ጽናቱንም አንጀት ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ፈረንጅ ለልቡ ከሰጠው ሥራ ግማሹን እኛ ለአንጀታችን ሰጥተነዋል ማለት ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፣ አንጀት ራሱ ሲታመምስ ምን ይባላል?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። በመምህርነት ዘመኔ ባለመመለሴ የሚቆጨኝ አንድ ጥያቄ ቢኖር ይኼ ነው።

እውነትም ምን ይባላል? ለስሜቱ ያን ሁሉ ቃል ያዋጣው ቋንቋ፣ ሕመሙ ላይ ሲደርስ ነጠላውን አፉ ላይ ጣል ያደርጋል። ሰገራን «ዓይነ ምድር» እንለዋለን፤ መጸዳዳትን «ውጭ መውጣት»። ተቅማጥ የሚለው ቃል ራሱ ከመቀመጥ የመጣ ነው። «አስቀመጠኝ» ይላል ሰውየው። ስንት ቀን እንዳስቀመጠው፣ ደም ይኑረው አይኑረው አይናገርም። ጠያቂውም አይጠይቅም። ጨዋነት ነው፣ ክፋት የለውም። ችግሩ ይኼ ጨዋነት ሐኪም ፊትም አብሮን መግባቱ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። የእናቴ ታላቅ ወንድም የጎርጎራ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ኋላም ሐይቁ ዳር ሲያርሱ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። በአካባቢው የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። የተጣላ ሲያስታርቁ ነገሩን የሚከፍቱት ሁልጊዜ በአንድ ተረት ነበር፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።» ባልና ሚስቱ ወይም ወሰን የተገፋፉት ባላገሮች ይኼን ሲሰሙ የሆዳቸውን ያወጣሉ። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ሀገራቸው ትንሽ ላውራ።

ጎርጎራ ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ አድርገው ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የሚደርሱባት የጣና ወደብ ናት። ስሟ ሲነሣ መጻሕፍት የሚነግሩን ዐፄ ሱስንዮስ እዚያ ከተማ እንደነበራቸው ነው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝም በ1622 እዚያው በትኩሳት ሞቷል (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ደብረ ሲና ማርያም ከነሥዕሎቿ ዛሬም አለች። የሐይቁ ዳር ሰው ሆዱን እንዴት እንደታመመና እንዴት እንደታከመ የሚተርክ ምዕራፍ ግን በታሪክ መጻሕፍቱ ውስጥ አላገኘሁም። ነገሥታቱም ሚሲዮናውያኑም አንጀት የሌላቸው ይመስላሉ።

ደግነቱ አንድ ፈረንጅ ስለ ሆዱ ለመጻፍ አላፈረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ አየ። በ1771 መጨረሻ ወደ ሀገሩ ለመመለስ ከጎንደር ሲነሣ ግን በሽተኛ ነበር። ከሳምንታት በፊት ዲስንተሪ ይዞታል፤ ቁርጠት ያለበት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ማለት ነው። የሚያውቀውን መድኃኒት ሁሉ ሞከረ። ኢፔካክ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ሥር ለጊዜው ያስታግስለትና መልሶ ያገረሽበታል። ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ራስ ኤል ፊል ወደሚባለው ቆላ ሲደርስ ጉልበቱ አልቆ ነበር። የሰነበተባትን መንደር ስም «የሞት ጥላ ሸለቆ» ብሎ ነው የተረጎመው። ከፊቱ ደግሞ የስናር በረሃ አለ።

ያዳነው ማን መሰላችሁ? ከቋራ ወሰን ለሌላ ጉዳይ ከመጡ መልእክተኞች አንዱ። ሰውየው የብሩስን ጭንቀት ሰምቶ ነገሩን ቀለል አድርጎ ነው ያየው፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ በር ላይ በቅሏል። ቁጥቋጦውን ነቀለ፣ የሥሩን ልጥ ላጠ፣ በፀሐይ አደረቀ። ልጡ ተወቅጦ በግመል ወተት ተሰጠው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ። ውኃ እንዳይጠጣም ተከለከለ። ብሩስ ጥሙ ሲጠናበት የፈላ ውኃ አቀዝቅዞ በስውር ይጠጣ እንደነበር ራሱ ጽፏል። በቀናት ውስጥ ተሻለው፤ በረሃውንም አቋርጦ ሀገሩ ገባ።

ተክሉ ዋጊኖስ ነው። ዘሩ አውሮፓ ደረሰና በ1779 በሳይንስ ስም ብሩሲያ አንቲዲሰንተሪካ ተባለ። ከፊት የብሩስ ስም፣ ከኋላ የበሽታው ስም። የዳነው ሰው ስሙ በተክሉ ላይ ቀረ፤ ያዳነው ሰው ግን ስሙ እንኳ አልተመዘገበም።

የስም ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ታሪኩ ገና አላለቀም። በ1819 ፔሌቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ከአንድ የዛፍ ልጥ መራራ መርዝ አወጡ። ልጡ የዋጊኖስ መስሏቸው ስለነበር መርዙን ለብሩስ ተክል ብለው ብሩሲን አሉት። በኋላ ሲጣራ ልጡ የሌላ ዛፍ ሆኖ ተገኘ፤ ዋጊኖስ ውስጥ ብሩሲን የለም። መርዙ ግን እስከ ዛሬ ብሩሲን ይባላል። የተሳሳተ ስም አንዴ ከተለጠፈ መላጡ አስቸጋሪ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ጎርጎራ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ብሩስ ዳነ እንጂ ምን እንደታመመ አላወቀም። ሊያውቅም አይችልም ነበር። በ1875 በሴንት ፒተርስበርግ ሎሽ የተባለ ሐኪም ደም የሚያስቀምጠው በሽተኛ ሰገራ ውስጥ አሜባን በማይክሮስኮፕ አየ። በ1897 ደግሞ ጃፓናዊው ሺጋ በሀገሩ በተነሣ ወረርሽኝ ላይ አንድ ባክቴሪያ አገኘ፤ ዛሬ ሺጌላ የምንለው ነው። ዲስንተሪ ተብሎ በአንድ ስም ሲጠራ የኖረው ሕመም ቢያንስ ሁለት የተለያየ በሽታ ኖሯል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም።

የኛ አባቶች አያዩም ነበር ለማለት አይደለም። ኮሶን አስቡት። አማርኛ ትሉንም መድኃኒቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው፤ ኮሶ ይታይበታል፣ ኮሶ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶውን እየጠጣ ያራግፍ ነበር። ይኼን ሲያደርግ ግን ዓይኑን አይሸፍንም። ትሉ ሲወጣ አይቷል፤ ከጠጣም በኋላ ራሱ መውጣቱን ያያል። ራሱ ካልወጣ ተመልሶ እንደሚያድግ ያውቃል። እንግዲህ ስለ ሆድ ሕመም ለማየትም ለመናገርም ያላፈርንበት አንድ በሽታ ነበረን ማለት ነው፤ ደግሞም በደንብ ያከምነው እሱን ነው።

ማይክሮስኮፑ ወደ ጣና ዳር የመጣበት መንገድ ደግሞ በደምቢያ በኩል ነው። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማለት ነው። ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ከሠለጠኑባቸው የመጀመሪያ ጤና ጣቢያዎች አንዱ በጎርጎራ መንገድ ላይ ያለው ቆላ ድባ ነበር። አጎቴ ጎልማሳ ሳሉ «መንግሥት ዓይነ ምድራችንን በብልቃጥ አምጡ አለን» ብለው እየሳቁ ያወሩን ነበር። ያን ዘመን ለነሱ ከተፈሪ ዘመን ቀልዶች ሁሉ የሚበልጥ ቀልድ ነበር።

ቀልዱ ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ። ዛሬ ከመካከላችን «አሜባ ተገኘብኝ» ብሎ የማያውቅ ማን አለ? ሆድ ከነፋ አሜባ፣ ከጮኸ አሜባ፣ ከቆረጠ አሜባ። ሜትሮኒዳዞል፣ በገበያ ስሙ ፍላጂል፣ በ1966 ለአሜባ እንደሚሠራ ከታወቀ ወዲህ በኪሳችን ይዘነው የምንዞር የቤተሰብ አባል ሆኗል። በእውነት አሜባ ለያዘው ሰው ሕይወት አድን ነው። ነገር ግን በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከበሽታ አምጪው አሜባ ጋር ቁርጥ አንድ የሚመስል፣ ምንም ጉዳት የሌለው ሌላ አሜባ አለ። በ1993 ሁለቱ የተለያዩ ፍጥረታት መሆናቸው በሳይንስ ጸደቀ፤ ጉዳት የሌለው ኤንታሜባ ዲስፓር ተባለ። በ1997 የዓለም ጤና ድርጅት ሕመም የሌለበትን ሰው በማይክሮስኮፕ በታየ አሜባ ብቻ አታክሙ አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሀገራችን የተሠሩ ጥናቶችም በማይክሮስኮፕ «አሜባ» ከተባለው አብዛኛው ይኼው ጉዳት የሌለው እንደሆነ አሳዩ። ስንቶቻችን ይሆን የሌለብንን በሽታ እየታከምን ያለብንን ሳናይ የቀረን?

ያለብን ደግሞ፣ በተለይ የጣና ዳር ሰው፣ ሌላ ሊሆን ይችላል። በቀንድ አውጣ አድርጎ የሚመጣው የቢልሃርዚያ ትል ዋና የሚዋኘውን፣ ልብስ የሚያጥበውን፣ መረብ የሚጥለውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዚያም በታችኛው አንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ተጋብቶ ለዓመታት ይኖራል። እንቁላሉ አንጀቱን እየቀደደ ሲወጣ ተቅማጥና ደም ያመጣል፤ መውጫ ያጣው እንቁላል ጉበት ላይ ይከማቻል። የጎርጎራን የባሕር ዳርቻ ልጆች የሚያጠቃው ይኼ ነው። እንቁላሉ አንዳንዴ በአንድ ምርመራ አይታይም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መፈለግ ያሻዋል። ፍላጂል ደግሞ አይነካውም፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ትሉን በ1851 ካይሮ ላይ ያገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ስሙ ከትሉ ጋር የቀረው ይኸው ሰው በ1862 ወደ ምፅዋ በሄደበት ጉዞ ታይፈስ ይዞት፣ ካይሮ ሲመለስ ሞተ።

የኛም ሰው አለበት። በ1964 አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ልብሱን ሲያጥብ በእንዶድ ያላጠበ ማን ነበር? የሞተ ቀንድ አውጣ ግን ብዙ ሰው እያየ አላየም። አክሊሉ ቆም ብሎ አየና ጠየቀ። በ1989 ከባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኘበት።

እንግዲህ ወደ አጎቴ። ከዓመታት በፊት ለጥምቀት ጎርጎራ ሄድኩ። አጎዛውን ሁለት እጥፍ አድርገው፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብለው ነው የተቀመጡት። ከስተዋል። መደርደሪያው ላይ ያለቀ የፍላጂል ቅጠል ቅጠል ተደርድሯል፤ አጠገቡ በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት አለ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም። ኪንታሮት ናት።»

«ማን አለዎት?»

«ማን ይለኛል? አውቃታለሁ እንጂ።»

ኪንታሮት! ሌላው የስም ጉድ። አማርኛ እጅ ላይ የምትወጣውን ኪንታሮትም፣ መቀመጫ ላይ የሚያብጠውን የደም ሥርም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። መቀመጫ አካባቢ የሚሰማ ነገር ሁሉ፣ መሰንጠቁም፣ መግል መቋጠሩም፣ መድማቱም፣ ኪንታሮት ነው። እውነተኛው ኪንታሮት ከባድ በሽታ አይደለም። ከሰገራ በኋላ ደማቅ ቀይ ደም ጠብ ያደርጋል፤ ብዙውን ጊዜ አያምም። ሆድ እንዳይደርቅ አትክልትና ጥራጥሬ መብላት፣ ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ሲመጣ አለማዘግየት፣ ሽንት ቤት ተቀምጦ አለማማጥ፣ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መቀመጥ አብዛኛውን ሰው ይበቃዋል። የሚያቃጥል ዱቄት መነስነስ ግን ቦታውን አቁስሎ መውጫውን ሊያጠብበው ይችላል።

አጎቴ ደም ማየት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። መጀመሪያ አሜባ ነው ብለው ራሳቸውን አከሙ። ቀጥለው ኪንታሮት ነው ብለው ዱቄት የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄዱ። ለሚስታቸው አልተናገሩም። ሲወጡ ያለቀ እንደማይመስላቸው፣ ቶሎ ቶሎ እንደሚያስወጣቸው፣ ሰገራቸው እንደቀጠነ የነገሩኝ ሆስፒታል በር ላይ ነው፤ ያውም ፊታቸውን አዙረው።

ወጣቱ ሐኪም ጓንት አጥልቆ «አባባ፣ በጣት ልመርምርዎ» ሲላቸው ተነሥተው ሊሄዱ ነበር። «ስልሳ ስምንት ዓመት የሸሸግሁትን ለልጅ ላሳይ?» አሉኝ። ለምኜ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ነው የተመለሱት። ምርመራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ዕጢው ጣት በሚደርስበት ቦታ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣት በሚደርስበት ቦታ! ጉበታቸው ጋ ከመድረሱ በፊት ቢገኝ በቀዶ ሕክምና የመዳን ዕድል የነበረው ካንሰር ነው። በዘጠኝ ወራቸው ዐረፉ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ጠይቄ የተማርኩትን ለአንባቢ ሳልናገር ብቀር አጎቴ ይቆጡኛል። ደም ያየ ሰው ምክንያቱን ራሱ አይሰይም፤ ይመርመር። ለሳምንታት የተለወጠ አወጣጥ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የደም ማነስ፣ ወጥተው ያለቀ አለመምሰል፣ ሁሉም ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። ሐኪሙም የሰገራ ወረቀት ብቻ ጽፎ እንዳይሸኛችሁ በጣቱ እንዲመረምር፣ ካስፈለገም በኮሎኖስኮፒ እንዲያይ ጠይቁት። ሆዱ በድንገት የተነፋ፣ የቆረጠው፣ ፈስም ሰገራም የከለከለው ሰው በተለይ በኛ በሰሜኑ ደጋ የተለመደው የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ይዞት ሊሆን ይችላል። እሱ ለነገ አይባልም፤ በዕለቱ ከደረሰ አንዳንዴ በቱቦ ብቻ ይፈታል፣ ካልሆነም በቀዶ ሕክምና፣ ካደረ ግን አንጀቱ ይበሰብሳል። ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ለዓመታት የሚነፋው፣ የሚቆርጠው፣ ሲወጣ የሚቀለው ሰውም አለ። የአንጀት መቆጣት ነው፤ የውሸት በሽታ አይደለም፣ አይገድልም፣ ጭንቀት ያባብሰዋል። የሚረዳው የምግብና የኑሮ ሥርዓት እንጂ አሥረኛ ፍላጂል አይደለም።

ከብሩስ እስከ አጎቴ ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል አለ። ብሩስ መድኃኒቱን ያገኘው ሕመሙን ሳይደብቅ ለማያውቀው ሰው ስለተናገረ ነው፤ በዘመኑ የበሽታውን ምክንያት የሚያይ ዓይን አልነበረም። በአጎቴ ዘመን ማይክሮስኮፑም፣ ጓንቱም፣ ሐኪሙም በአንድ ቀን መንገድ ላይ ነበሩ። የጎደለው ቃል ነው። ሰው ያስታረቁበትን ተረት ለራሳቸው መጥቀስ አቃታቸው።

ያ ተማሪ ዛሬ ቢጠይቀኝ አልስቅም። «ልጄ፣ ሲታመም ምን እንደሚባል እኔም አንተም አናውቅም፤ የሚያውቀው ያየው ሰው ነው። ‹ደም አየሁ› በልና ሂድ፣ አሳይ» እለው ነበር።

ቸር ይግጠመን።